የመምሬ አድማሱ ጉልበት

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ጠዋት 3 ሰዓት።

መብራት የለም። ባልደረባዬ ሰይድ ላፕቶፑን ይዞ ጀኔሬተር ወዳለው ሆቴል ሄዷል። ጾሙ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እኔ ከወዲሁ ግንባሬን ቋጥሬያለሁ።

ምክንያት አለኝ ደግሞ። የእሑዱን «የገበያ ማግስት» ከፍቶ ያነበበው ሰው ቁጥር፣ ደብተሬ፣ ለአንቺም ለመናገር ያሳፍራል። እንዴት እንደምንሠራው ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ከየደብሩ ሰው ይመጣል፤ ከሽንኩርት ተራ እስከ ከብት ተራ እዞራለሁ፤ የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ፣ የማን ልጅ እንደተዳረች፣ ገብስ የት እንደረከሰ እጠይቃለሁ። የሰማሁትን ሌላ ሁለት ሰው ጠይቄ አጣራለሁ። እሑድ ሰይድ ገጻችን ላይ ይለጥፈዋል። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው። አማርኛ ማስተማሬን ትቼ የገባሁበት ሥራ ነው።

አሁን ሰው ስልኩን «የኩልመስክ መንገድ ተከፈተ ወይ» ብሎ ይጠይቃል። መድረክ የሚሉት የኢንተርኔት መፈለጊያ ከላይ፣ በሳጥን፣ የኔን ወሬ በሦስት መስመር አሳጥሮ ያቀርብለታል። ከሥር በደቃቃ ፊደል፦ «ምንጭ፦ የገበያ ማግስት»። ሰውየው አንብቦ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ወደኛ የሚዘልቅ የለም። ማስታወቂያ ያስነግሩ የነበሩት ሆቴሎችም ይህን አይተው ሸሹ።

«መድረክ» ብሎ ስም ያወጣለት ማን እንደሆነ እንጃ። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ይታያል። ይሄ አይታይም፣ ቢጠሩት አይሰማም፣ ቢሰድቡት አይከፋውም። እኔ ግን እሰድበዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ጉድ ልንገርሽ።

ቄስ ምስጋናው ከገነተ ማርያም ደወሉ። የመምሬ አድማሱ ልጅ ናቸው፤ መምሬ የቅዳሴውን አገልግሎት ለልጃቸው ለቀቁ ብዬ እሑድ የጻፍኩላቸው። ግቢያችን በለቃሽ ተሞልቷል አሉኝ። ደነገጥኩ። ማን ሞቶ ነው አልኩ። አባቴ አሉ። መቼ ነው ያረፉት ስላቸው፣ እሱንማ አንቺ ንገሪን፣ አባቴ እዚህ አጠገቤ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ አሉኝ።

ስልኬን ከፍቼ ስማቸውን ጻፍኩ። ሳጥኑ፦ «መምሬ አድማሱ ከረጅም ዘመን አገልግሎት በኋላ አረፉ። ነፍስ ይማር።» ምንጭ፦ የገበያ ማግስት።

ነፍስ ይማር! ነፍስ ይማርም ጨመረበት!

እኔ የጻፍኩት «የመምሬ አድማሱ ጉልበት አረፈ» ነው። ቀልዱም የራሳቸው ነው። ከጾሙ በፊት በነበረው ቅዳሜ ገበያ ላይ ሳገኛቸው፣ የሁዳዴ ቅዳሴ እስከ ከሰዓት ያስቆማል፣ ከእንግዲህ ጉልበቴ ይረፍ ብለውኝ አብረን ሳቅን። ቄስ መቼም ጡረታ ወጣ አይባል። የላስታ ሰው ርእሱን አይቶ ፈገግ ይላል፤ ከሥሩም ደህና መሆናቸው ተጽፏል። ማሽኑ ጉልበቱን ጣለና «አረፈ»ን ይዞ ሄደ። ካህን አረፈ ከተባለ ሞተ ነው። ይህን የሚያውቅ ማሽን ጉልበት ምን እንደሆነ እንዴት ይጠፋዋል?

ሐሙስ፣ የካቲት 12። ማታ 12 ሰዓት።

ገነተ ማርያም ደርሼ መጣሁ። መምሬ አልተቆጡኝም። በቁሜ ሙሾዬን ሰማሁ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ ማን እንዳስመሰለ ለይቼ አወቅኩ፣ ይህን ያገኘ ሰው የለም አሉኝ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ኩልመስክ እህት አላቸው፣ እማማ ዘነቡ። ታላቃቸው ናቸው። መንገድ ዳር ቆመው ሳለ አንዱ ጎረቤት ስልኩን እያየ፣ እንዴ፣ ወንድምዎ አርፈዋል እንዴ አላቸው። እንዲሁ! ቆመው! የሚደግፋቸው ሰው ሳይኖር፣ ሳይቀመጡ። ፊታቸውን ነጩ፣ ጸጉራቸውን ተላጩ። ኋላ መምሬ ራሳቸው ደወሉላቸው። አላመኑም። ዛሬ ስልክ የሙት ድምፅ ያስመስላል አሉ ብለው ዘጉባቸው። ሊያጽናኑኝ ነው ብለዋል። እስካሁን ሐዘን ተቀምጠዋል።

ደብተሬ፣ ስድስት ዓመት አንድ ሕግ ነበረን። መርዶ ሳይነገር የሰው ሞት አንለጥፍም። ንጋት ላይ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ከቦ፣ ቀስ ብሎ ይነግረዋል። እስከዚያ እኛ አፋችንን እንይዛለን። ሦስት ቀን የያዝኩት ሞት አለ፤ ልጅየው ከአዲስ አበባ እስኪገባ። ሌሎቹ ገጾች ቀደሙን፣ ሰይድ ተቆጣ፣ እኔ አልተናወጥኩም። አሁን በኔ ስም፣ ያልሞተ ሰው መርዶ፣ ለሰማንያ ዓመት ሴት በመንገድ ዳር።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዳዋዋ እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 13። ጠዋት 4 ሰዓት።

ለመድረኩ የጻፍኩት አቤቱታ መልስ አገኘ። ሰው አይደለም የመለሰልኝ። ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን ይላል። ማጠቃለያው ከምንጩ የተወሰደ ነው ይላል። ምንጩ ሲስተካከል ማጠቃለያውም ይታደሳል ይላል።

ምንጩ ሲስተካከል! ምንጩ እኮ ልክ ነው! ትክክለኛ አማርኛዬን ላበላሽ፣ የሱ ስሕተት እንዲስተካከል። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጅ ስሕተት ሲጽፍ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ።

አልነካውም። ቃሌ ቃሌ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ገበያ። ሽንኩርት ተራ ጋ ሰላም ያልኳት ሴት ፊቷን አዞረች። ከብት ተራ አንድ ሽማግሌ ወሬ ስጠይቃቸው፣ ልጄ፣ ላንቺማ አልነግርሽም፣ አንቺ ጋ ከገባሁ ሞቼ ነው የምወጣ አሉኝ። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። በሌላ ቀን እኔም እስቅ ነበር።

የያዝኩት ማስታወሻ ግማሽ ገጽ አልሞላም። ወሬ የሚሰጠኝ ሰው ካጣሁ ምን ቀረኝ? ገንዘቡስ ይቅር፣ ሰው ነገሩን አምኖ በእጄ ያኖርልኝ ነበር። እሱን ነው የወሰደብኝ።

እሑድ፣ የካቲት 15። ጠዋት።

ለወጥኩት። ኩራቴን ዋጥኩት። እማማ ዘነቡ ሐዘን ተቀምጠው ሳለ እኔ ስለ ቃሌ ስከራከር ሦስት ቀን ሄደ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው፣ ለአንቺ እንኳን አልደብቅም። አዲሱ ርእስ፦ «መምሬ አድማሱ በሕይወት አሉ»። እንዲህ ያለ ዜና በዓለም ላይ ማን ጽፎ ያውቃል? ሰይድ ሲለጥፈው አንገቱን ደፋ።

በዚያው ዕለት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት።

ሳጥኑ ታደሰ። «የመምሬ አድማሱ ሞት እያወዛገበ ነው።»

እያወዛገበ ነው።

ላፕቶፑን ልወረውረው ነበር። ሰይድ ነጠቀኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17። ማታ።

የእማማ ዘነቡ ዘመዶች ሽማግሌ ላኩብኝ። የሐሰት መርዶ ያመጣ ሰው ቀርቦ ይጠየቅ ብለዋል። እሄዳለሁ። ሰይድ አትሂጂ፣ ከሄድሽ ጥፋቱን ተቀበልሽ ማለት ነው አለኝ። ካልሄድኩስ?

መምሬ ከኔ ጋር እንሂድ አሉ። ጉልበታቸው መኪና ላይ ለመውጣት አቅም የለውም። ቢሆንም ካላየችኝ አታምንም አሉ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19። ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ከኩልመስክ መልስ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሚኒባሱ ከደጃቸው ቆመ። መምሬን እኔና ልጃቸው ደግፈን አወረድን። እማማ ዘነቡ በጥቁር ነጠላ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀና አሉ። አልጮሁም። ተነስተው መጡና የመምሬን ፊት ዳሰሱ፣ ጆሯቸውን ያዙ፣ ትከሻቸውን ጨበጡ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ወንድማቸውን መምታት ጀመሩ። እየመቱ አለቀሱ። እኔን ሲያዩኝ ስድብ ጠብቄ ነበር፤ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ይዛልኝ መጣች፣ ይዛልኝ መጣች አሉ።

ያ አልበቃም፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠየቁኝ። ሰብሳቢው አያ ሲሳይ ናቸው፣ የኩልመስክ ገበሬ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ነገራቸው ያላለቀ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እኔ ጉልበት እንዳልኩ፣ መድረኩ እንዳጠፋው።

«እንግዲያ ይጠራና ይጠየቅ» አሉ።

አይጠራም አልኳቸው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ሰውም አይደለም።

«ዋስ የለውም?»

የለውም።

«ወሬሽን ከቤትሽ ሲወስድ ምን ከፈለሽ?»

ምንም።

«ጠይቆሽ ነው የወሰደ?»

አይደለም።

አያ ሲሳይ ሌሎቹን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ስሚ ልጄ። የሰረቀሽ ሰው በስምሽ ዋሸ። አንቺ ደሞ ይቅርታ ልትጠይቂለት ከላሊበላ ድረስ መጣሽ። እኛ ያየነው ጉድ ይኸው ነው።» ወዲያው ደግሞ፦ «ቢሆንም ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነው የሚባል። አንቺም አረፈ ማለቱን ምን አመጣው? ደከመኝ አሉ ብትይ ምን ነበረ?»

ልክ ናቸው። ያሳመመኝም ልክ መሆናቸው ነው። ተነስቼ ጉልበት ሳምኩ። ካሳ አልጠየቁኝም፤ ታረቅን። መንገዱን ሙሉ ግን ንዴቱ ከኔ ጋር ተሳፍሮ መጣ። ለኔ ሽማግሌ አለኝ። እሱን ማን ያስቀምጠዋል?

ረቡዕ፣ የካቲት 25። ጠዋት 5 ሰዓት።

እኛም አባል የሆንበት የአሳታሚዎች ማኅበር ሰብሳቢ ከደሴ ደወለ። ደስ ብሎታል። ዓመት ከመድረኩ ጋር በክፍያ የተጨቃጨቅንበት ነገር እልባት አገኘ ይላል፤ መድረኩ ለትንንሽ አሳታሚዎች ድጋፍ ሊሰጥ ነው። ድጋፍ ነው ወይስ ክፍያ አልኩት። ቃል ላይ ምን ያጨቃጭቅሻል አለኝ። በውጭ አገር ሕግ አውጥተው ያስከፈሉት አሉ፤ ሕጉ ሲመጣ ዜናን ጭራሽ ከገጹ ነቅሎ የሄደባቸውም አሉ። እኛ ሕጉም የለን፣ አቅሙም የለን፣ የሰጡንን እንያዝ ይላል።

ቃል ላይ ነው እንጂ ምን ላይ ልጨቃጨቅ? ክፍያ ካለ ወስጃለሁ ማለቱ ነው። ድጋፍ ካለ አዝኜላችሁ ነው ማለቱ ነው። የድጋፍ ስንዴ ተሰልፌ ያደግኩ ሰው ነኝ። የሚሰፍርልሽ ሰው ቤተሰብሽ ስንት ነው ይልሻል እንጂ ምን ወሰድኩብሽ አይልሽም። የዘገየ ቀን ደግሞ መጠየቂያ በር የለሽም።

ሰነዱን ላከልኝ። ሰባት ገጽ። ሰይድ እያነበበ እኔ እየተንጎራደድኩ ሰማሁ። በሚቀርበው ዜና ላይ ለሚፈጠር ስሕተት ሁሉ ኃላፊው አቅራቢው ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ስለደረሰውም ምንም ዓይነት ክስ አያነሳም። ሌላም፦ አቅራቢው ማንኛውንም ዜና እንደደረሰው ሳያዘገይ ለመድረኩ ክፍት ያደርጋል።

ሳያዘገይ። እዚያ ላይ አስቆምኩት። ድገመው አልኩት፣ ደገመው።

መርዶስ?

ሰይድ ገጾቹን ወደኋላ ገለጠ። ቀጥሎ፣ በቀስታ፣ መርዶ የሚል እዚህ ውስጥ የለም አለ።

ዓርብ፣ የካቲት 27። ከቀኑ 7 ሰዓት።

ከሰይድ ጋር ተጣላን። እስከ መጋቢት 5፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ካልፈረማችሁ ከዝርዝሩ ትወጣላችሁ ብለዋል። ሁለታችን ካልፈረምን አይሆንም፤ ገጹ የሁለታችን ነው።

እሱም ሐቅ አለው፣ ልጻፍለት። ሁለት ልጆች አሉት። ሆቴሎቹ ሸሽተዋል። ድጋፉን ካላገኘን የቢሮው ኪራይ ከፋሲካ አያልፍም፤ እሱ ወልድያ ሄዶ ሥራ ይፈልጋል፣ የገበያ ማግስትም ይዘጋል። ብንፈርምም ባንፈርምም ይወስዱታል አለኝ። እየወሰዱ ከሚሄዱ እየሰጡ ቢሄዱ ምን አለበት? አንቺ እልኸኛ ነሽ፣ እልኽ ዳቦ አይሆንም አለኝ።

እኔም ፈሪ ነህ አልኩት። አልኩት! ያን የመከራ ሰሞን ስልክ ሳይኖር በእግሩ ፍላቂት ድረስ ሄዶ ወሬ ያመጣልኝን ሰው። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ወላሂ አትመጪብኝ ብሎኝ ነው የወጣው።

ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 29።

ሰይድ መጣ። ይቅርታ አልኩት። አውፍ ብዬሻለሁ አለኝ፤ ወረቀቱን ግን ጠረጴዛው ላይ አደረገው። በእሱ በኩል ተፈርሟል። የኔ መስመር ባዶ ነው።

ቀኑን ሙሉ አየሁት። እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አንስቼ ነበር። ይህንንም ልጻፍ፤ ቁጣ ብቻ አይደለሁም፣ ፈርቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት ማን ይመልሰኛል? እስቲ ሞት በስንት ጊዜ አንዴ ነው፣ የቀረው የመንገድና የገበያ ወሬ ነው፣ ለአንድ አንቀጽ ብዬ ሁሉን ላፍርስ ወይ ብዬም አሰብኩ።

ምናልባት እፈርማለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3። ከቀኑ 11 ሰዓት።

መምሬ አድማሱ አረፉ።

ይኸው ቃሉ። አሁን ቦታው ነው።

ቀዳሽ ሆነው ሳይሆን እንደ ምእመን ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ ጥቂት ልረፍ ብለው ተቀመጡ። አልተነሱም። ቄስ ምስጋናው ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ። ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው። አላለቀሱም፤ አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃቸዋል። አክስቴ እንዳትሰማ። ነገ ንጋት ላይ ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን፣ እስከዚያ ስልክ ላይ እንዳይወጣ አሉ። ቀጥለውም፣ በእርጋታ፣ እኛን አታምነንም አሉኝ፤ አንዴ ሐሰቱን አምና ጸጉሯን ተላጭታለች። አባቴን በሕይወት ይዘሽላት የሄድሽው አንቺ ነሽ። ከኛ ጋር ነይ።

ሰይድ እዚሁ ነበር፤ ሁሉን ሰማ። ስማቸውን ሰሞኑን ስንቱ ሰው ሲፈልገው ከረመ። ዛሬ ብንለጥፈው፣ እንደዛሬ ተነብበን አናውቅም ነበር። ይህን እኔም አወቅኩ፣ እሱም አወቀ። ቄሱ ሲወጡ ላፕቶፑን ዘጋ፤ እኔ ሳልናገር። «መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በእኛም በእናንተም ነውር ነው» አለ። ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ የራሱ ፊርማ ላይ መስመር አሰመረበት። ተው ልለው ነበር። ይልቅ ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍኩት።

እንግዲህ ተወስኗል። አንፈርምም። ከፋሲካ በኋላ ምን እንደምንሆን አላውቅም፤ ቢዘጋም በኛ እጅ ይዘጋ። ደግሞም ንዴቴ አልበረደም፣ ለሱ ሌላ ቀን አለኝ። አሁን ጥቁር ነጠላዬን ፍለጋ ልሂድ።

ዓርብ፣ መጋቢት 4። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል። ኩልመስክ።

ሚኒባሱ ውስጥ ነኝ። በጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍብሽ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ መቀመጥ አልችልም።

ቄስ ምስጋናው ወርደው አያ ሲሳይንና ጎረቤቱን ሊሰበስቡ ሄደዋል። እማማ ዘነቡ ሰው ሳይከባቸው አይነገራቸውም። አንቺ መኪናው ውስጥ ቆዪ አሉኝ፣ ካዩሽ ይጠረጥራሉ ብለው። ያቆምነው ከደጃቸው ራቅ አድርገን ነው፤ ገና ስላልነጋ አያዩንም ብለን።

ነግቷል። እማማ ዘነቡ መጥረጊያ ይዘው ደጃቸውን ሊጠርጉ ወጡ። ጥቁሩን አውልቀዋል። ጸጉራቸው ገና ብቅ ብቅ ማለቱ ነው። ፊታቸው ላይ የነጩት ቁስል ሽሯል።

መኪናውን አዩ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አተኩረው አዩ። በመስኮቱ እኔን ለዩኝ።

አልጠረጠሩም። ሳቁ። መጥረጊያውን ጥለው፣ እልል እያሉ፣ ወንድማቸውን ፍለጋ ከኋላዬ ያለውን ወንበር እያዩ እየመጡ ነው።

ሰዎቹ ገና አልደረሱም። ልወርድ ነው